ብርድ ልብሱን የሸጠችው አራስ

የደረሰን ደብዳቤ፦

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። አብረን ቡና የምንጠጣ ሰባት ጎረቤታሞች ነን። መስከረም ላይ መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ልጅ የአራት ቀን ጨቅላ ታቅፋ አየን። ልጁን የሸፈነችው በራሷ ነጠላ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በወር 500፣ 500 ብር እያዋጣን፣ የልጆቻችንንም ልብስ እየሰበሰብን፣ ወልደው መሄጃ ላጡ እናቶች እንሰጣለን። እስካሁን አሥራ አንድ ደርሰዋል።

አሁን ግን ነገሩ ከበደኝ። ከመካከላችን ሁለቱ ‹እናቶቹን ቀርፀን ቲክቶክ ላይ እንልቀቅ፣ ገንዘብ ይገባል› ይላሉ። አንዷ እናት ስልኩን ስታይ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ሌላዋ ደግሞ የሰጠናትን አዲስ ብርድ ልብስ በሳምንቱ ሸጠችው። ጓደኞቼ ተናደው ‹እሷን ከእንግዲህ አንረዳም› አሉ። ይቺው ልጅ ናት ባለፈው እጄን ይዛ ‹ልጄን ክርስትና አንሺልኝ› ያለችኝ። ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ዝም አልኩ። ልጇ ሴት ናት፣ ስድስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስትም ‹ከሚወለዱት አንዱን ስጡን፣ ለእናቲቱ መቋቋሚያ እንሰጣለን› እያሉ ይደውሉልኛል። ባሌ ባጃጅ ይነዳል። ‹የሰው አራስ ስትጠይቂ የራስሽን ልጆች ረሳሽ› ይለኛል። ልቀጥል ወይስ ልተወው?

ት. ነኝ፣ ከደብረ ማርቆስ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሳምንት ሆነው። ስጽፍ ስሰርዝ ቆየሁ። ጥያቄዎችሽ አምስት ይሆናሉ። እኔ ግን ከሁሉም ሥር ያየሁት አንድ ጥያቄ ነው። እነዚህ ሴቶች ለእናንተ ምንድን ናቸው? ችግረኞች ናቸው ወይስ አራሶች?

በእኛ አገር አራስ ማለት ምን እንደሆነች ታውቂያለሽ። ስትወልድ እልል ይባልላታል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች። ጎረቤት ገንፎ ያገነፋላታል፣ መሀሉን ጎድጎድ አድርጎ ቅቤና በርበሬ ይሞላዋል። አልጋዋ ላይ መጋረጃ ይጋረድላታል። አንዷ አጥሚት ይዛ ትመጣለች። አንዷ ዶሮ ትይዛለች። ባዶ እጇን የመጣችውም ትቀመጥና ታጫውታታለች። «የሰጠሁሽን ቅቤ ምን አደረግሽው?» የሚላት የለም። መጋረጃውን ገልጦ የሚቀርፃት የለም። መናኸሪያ ያያችኋት ልጅ ያጣችው ይሄን ሁሉ ነው። ልብስም አጥታለች፣ እውነት ነው። ከልብሱ በፊት ግን ጠያቂ አጥታለች።

ይህን የምልሽ ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። ጎጃም ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ብዙ ዓመት አዋልጄያለሁ። አንድ ሐምሌ ላይ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ አርግዛ የተባረረች ልጅ አዋለድኩ። በማግስቱ ስትወጣ ከኪሴ ገንዘብ አውጥቼ እጇ ላይ አደረግኩላት። መርቃኝ ሄደች። ደስ ብሎኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ሕፃኑን ይዛ መጣች። እግሩን ስነካው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ጡትም አልስብ ብሏል። ሁለቱን ሌሊት ያደሩት የሰው በረንዳ ላይ ነበር። ልብሱን አውልቀን እናቱ ደረት ላይ አስተኛነው፣ ከላይ አለበስናቸው፣ ጡቷንም በጥቂት በጥቂቱ አለብንለት። ተረፈ። እኔ ግን ብሩን ስሰጣት «ዛሬ የት ታድሪያለሽ?» ብዬ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንዲት ቃል ነበረች። አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ ወደ ብርድ ልብሱ ልምጣ። ጓደኞችሽ መናደዳቸው አይገርመኝም። የቤታቸውን ቀዳዳ ትተው ያዋጡት ገንዘብ ነው። ግን ልጅቷን ለምን እንደሸጠችው የጠየቃት ሰው አለ? ደብዳቤሽ ውስጥ አላገኘሁትም። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አራስ ሆና ብርድ ልብሷን የምትሸጥ ሴት ከብርዱ የባሰ ነገር ገጥሟታል ማለት ነው። የቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል። ረሃብ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈራራት ሰው ሊሆን ይችላል። ከሌላ ሰው ተበድራም ይሆናል። ሂጂና ጠይቂያት። ስትጠይቂ ደግሞ እንደ መርማሪ አትሁኚ። ገንፎ ይዘሽ ሂጂ፣ ስትበላ አብረሻት ተቀመጪ፣ «ምን ቸገረሽ?» በያት። ብርድ ልብሱ የእሷ ሆኗል። የሰጣችኋት ቀን የእናንተ መሆኑ አብቅቷል።

ስሌታችሁን ግን ቀይሩ ብዬ እለምናችኋለሁ። ሰባት ሰው 500 ሲያዋጣ 3,500 ብር ነው። ይህን ለመጣው ሁሉ ብትበትኑት ለእያንዳንዷ የሳምንት ጉርስ እንኳ አይሆንም። አሥራ አንድ እናት ረዳን ከማለት ሦስቱን አርባና ሰማንያቸው እስኪደርስ መያዝ ይሻላል። ይህ ማለት ሌሎቹን «አሁን አልችልም» ማለት ነው። ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን በሁለተኛው ሳምንት ብቻዋን የምትቀር አራስ ከብዙ እናቶች አንዷ ሆና ተቆጥራ ምን ትጠቀማለች? በወር ከመጀመሪያው ብር ላይ ኪራይ ክፈሉ። ጭቃ ቤትም ይሁን፣ ከደግ አሮጊት ጋር የምትጋራው ክፍልም ይሁን። የሚዘጋ በር ያላት እናት ብርድ ልብሷን አትሸጥም።

ገንዘባችሁን መንግሥት በነፃ በሚሰጠው ላይ አታባክኑ። በመንግሥት ጤና ተቋም የእርግዝና ክትትል፣ ማዋለድ፣ ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትልና የሕፃኑ ክትባት አይከፈልባቸውም። አምቡላንሱም እንደዚያው። ወር የገባላቸው ሴቶች የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያም ያላቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ። መሄጃ ያጣች ነፍሰ ጡር ስታገኙ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እዚያ እንድትቆይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አነጋግሯት። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ምጥ ሳይመጣ መጠጋት ነፍስ ያድናል። ለሕመሟም ለልጇም ሕክምና የጤና መድን መዋጮ የማይችሉ ድሆችን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር ስላለ ቀበሌ አብራችኋት ሂዱ። ብቻዋን ብትሄድ «ነገ ነይ» ትባላለች። ሁለት ጎረቤት ይዛ የሄደች ሴት ግን ትደመጣለች። የልደት ምዝገባውም በ90 ቀን ውስጥ ነው፣ አባትየው ባይኖርም እናቲቱ ራሷ ልታስመዘግብ ትችላለች። ከወለደችበት የሰጧትን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት አትጣለው።

ስለምትሰጡት ጥቅል ትንሽ ልቆይ። ሰው ሁሉ ለሕፃኑ ያስባል፣ ለእናቲቱ የሚያስብ ጥቂት ነው። የሕፃን ልብስ አስቀምጣችኋል፣ ደግ አድርጋችኋል። ኮፍያና ካልሲ አይቅር፣ ጨቅላ በጭንቅላቱ ብዙ ሙቀት ያጣልና። ዳይፐር በሳምንት ያልቃል፣ ካለቀ በኋላ የምትገዛበት የላትም። ለስላሳ አሮጌ ጨርቅ ተቀድዶ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ሲሰጣት ወራት ያገለግላታል። ለእሷ ደግሞ ሞዴስ፣ የውስጥ ሱሪ፣ ሳሙና፣ ከፊት የሚከፈት ቀሚስ። አንዲት እናት ስለሞዴስ ለመጠየቅ ሦስት ቀን አፍራ የቆየችበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። ሳትጠይቅ ከጥቅሉ ውስጥ ስታገኘው እኮ የምታይበት ዓይን ይለያል።

የዱቄት ወተት ግን አትግዙ። ብዙ ሰው በቅን ልብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቆርቆሮው ውድ ነው። ሲያልቅባት ውኃ ታበዛበታለች። ውኃውም፣ ጡጦውም ንጹሕ አይሆንላትም፣ ልጁን ያስቀምጠዋል። እሱን እያጠጣች ጡቷን ስታስተው ወተቷ ይደርቃል። «ጡቴ ደርቋል» ስትላችሁ ብዙ ጊዜ የደረቀው ሆዷ ነው። አጥሚት አጠጧት፣ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል አብሏት፣ ልጁን ደጋግማ ታጥባው። ሲጠባ ወተቱ ይመጣል። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፣ ውኃም አይጨመር። ለልጁ ሌላ ወተት ያስፈልገዋል የሚል ሐኪም ካለ ያኔ ሌላ ነገር ነው። እንገሩንም አታስደፉ። ቢጫ መሆኑ ቆሻሻ አያደርገውም፣ የመጀመሪያው ክትባቱ ያ ነው ማለት ይቻላል። ከመካከላችሁ አራስ ልጅ ቅቤ ይላስ የምትል ካለች በፍቅር ከልክሏት። እናቶቻችን ያደርጉት የነበረው ለልጁ አስበው ነው። ቅቤው ግን ለእናቲቱ ገንፎ ነው የሚሆነው።

ሰባታችሁም የምታውቁት አንድ ነገር ይኑር። ሕፃኑ መጥባት ካቆመ፣ ከተቃጠለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ እትብቱ ቀልቶ መግል ከያዘ፣ መዳፉና እግሩ ሥር ቢጫ ከሆነ፣ ሳታድሩ ውሰዱት። እናቲቱ ደም ከበዛባት፣ ትኩሳት ከያዛት፣ ራሷን በኃይል ካመማትና ዓይኗ ከጋረዳት እንዲሁ። ልጇን ማየት ከጠላች፣ እንቅልፍ ካጣች፣ «ብሞት ይሻላል» ካለች ደግሞ «ጸሎት ያስፈልጋታል» ብላችሁ ብቻ አትተዋት። ጸሎቱም ይሁን፣ ሐኪምም ይያት። ሽንቷ የማይቋጠርላት ልጅ ብታገኙ ባሕር ዳር የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ፣ ሕክምናው በነፃ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ ብዙ ጊዜ እግዜር የቀጣት ይመስላታል። ረጅም ምጥ ያመጣባት ቁስል እንደሆነ ንገሯት።

ቪዲዮው ነገር ላይ መልሴ አጭር ነው። አይሆንም። ፊቷን ሸፍና ያለቀሰችው እናት መልሱን ሰጥታችኋለች። «ፈቅዳለች» የምትሏትም ቢሆን፣ ዳቦ በእጃችሁ ይዛችሁ የጠየቃችኋት ሴት እንዴት እንቢ ትላለች? ሕፃኑ ደግሞ ነገ ተማሪ ይሆናል፣ የክፍል ጓደኛው ስልክ ላይ እናቱን መናኸሪያ ተቀምጣ ያያታል። ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚታይ ነገር ከፈለጋችሁ ጥቅሎቹን ደርድራችሁ አንሱ፣ የገንፎውን ድስት አንሱ፣ ወጪ የጻፋችሁበትን ደብተር ገጽ አንሱ። የሰው ስም ሸፍናችሁ። ይበቃል። ከጎረቤት አልፋችሁ ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ከጀመራችሁ ግን መጀመሪያ ፍትሕ መምሪያ ሄዳችሁ በሕግ እንዴት እንደምትቋቋሙ ጠይቁ። ሒሳቡም በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን። ነገ አንዳችሁ በሌላችሁ እንዳትጠረጠሩ።

ስለ ባልና ሚስቱ። ልጅ ማጣት ምን ያህል እንደሚያቃጥል አልክድም፣ ስለነሱም አዝናለሁ። ስልካቸውን ስታነሺ ግን ድምፅሽ አይላላ። በእናንተ በኩል የሚሰጥ ልጅ የለም። ጉዲፈቻ መንገድ አለው፣ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፣ ፍርድ ቤት አይቶ ያጸድቃል። ልጅ በጉዲፈቻ ወደ ውጭ መስጠት ደግሞ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በሕግ ተከልክሏል። «መቋቋሚያ» የሚሉት ብር ሲሰጥ ነገሩ ልጅ መሸጥ ይሆናል። የአሥር ቀን አራስ፣ የራባት፣ የምታድርበት ያጣች ሴት «ውሰዱልኝ» ብትል እንኳ ቃሏን አትቀበሉ። ኪራይዋ ሲከፈል፣ ሆዷ ሲሞላ፣ ሁለት ሳምንት ስትተኛ ጠይቋት። አራስ ነብር ሆና ስትመልስላችሁ ታያላችሁ። ቤተሰቧንም አትርሱ። ብዙዎቹ ከገጠር ለሥራ የመጡ፣ ወደ ቤት መመለስ ያፈሩ ልጆች ናቸው። እሷ ከፈቀደች ብቻ፣ አባቷ ጋር የሚደርስ ሽማግሌ ወይም የቤተሰቡ የንስሐ አባት ይላኩ። አባት መጀመሪያ ይቆጣል። የልጅ ልጁን ሲያሳቅፉት ግን አንጀቱ የማይላወስ አባት ብዙ አላየሁም። ካልፈቀደች ግን አትንኩት። ሸሽታ ወደወጣችበት ቤት የምትመለስ ልጅ እዚያ ምን እንደሚጠብቃት እሷ ታውቃለች።

ባልሽ ያለው ውስጥ እውነት አለ። ሰባት ሆናችሁ ሳለ ሁሉም ስልክ ወደ አንቺ የሚደወል ከሆነ ትደክሚያለሽ፣ ልጆችሽም ይናፍቁሻል። ቀን ተከፋፈሉ። በሳምንት ሁለት ቀን ያንቺ ይሁን፣ በሌላው ቀን ስልኩ ሌላዋ ጋ ይደር። እሱን ደግሞ አትከራከሪው። ሥራ ስጪው። ከሆስፒታል የምትወጣ አራስ በእግሯ ስትሄድ አይተሽ ይሆናል፣ ሕፃን ታቅፋ፣ እየደማች። አንድ ጠዋት «እባክህ ይቺን ብቻ አድርስልኝ» በይው። ባጃጁ ውስጥ ያ ሕፃን ሲያለቅስ ይስማ። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ይለወጣል ብዬ አስባለሁ። ባይለወጥ እንኳ አንዲት አራስ በደህና ደርሳለች።

ልቀጥል ወይስ ልተወው ላልሽው መልሴን እስካሁን ያገኘሽው ይመስለኛል። ቀጥዪ። አንሳችሁ፣ ረጅም ጊዜ ይዛችሁ ቀጥሉ።

አሁን ወደዚያች ልጅ ልመለስ። ብርድ ልብሱን ወደሸጠችው። ልጇ ስድስተኛ ሳምንቷን ከያዘች በ45 ቀኗ ክትባት አላት፣ በዚህ ሳምንት ይደርሳል። አብረሻት ሂጂ። እግረ መንገዳችሁን ስለ ብርድ ልብሱ ልትጠይቂያት ትችያለሽ። ሰማንያዋ ደግሞ ገና ነው፣ ጊዜ አለሽ። ሙስሊም እናት ብትሆን ኖሮ በራሷ ሥርዓት አጠገቧ ትቆሚ ነበር። ይቺ ግን ክርስትና አንሺልኝ ብላሻለች። ልብስ ስጪኝ አላለችሽም፣ ብር ጨምሪልኝ አላለችሽም። ዘመድ ሁኚኝ ነው ያለችሽ። ክርስትና እናት መሆን የዕድሜ ልክ ነገር መሆኑን አውቃ ነው የጠየቀችሽ። ዝም ማለትሽን እረዳዋለሁ፣ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከባልሽ ጋር ተማከሪ፣ የምትችይው ከሆነ እሺ በያት። የማትችይው ከሆነም ከሰባታችሁ አንዷ ትሁንላት።

እሺ ካልሽ፣ ከክርስትናው በፊት የሠፈራችሁን ቄስ አነጋግሪ። ነጭ ልብስና ማተብ አዘጋጂ። ቤተ ክርስቲያን የሚደረሰው በጠዋት ነው፣ ደብረ ማርቆስም በጠዋት ይበርዳል። ከውኃው ስትወጣ የምትጠቀለልበት ደረቅ ጋቢ ከቤት ያዢ። ኮፍያውንም አትርሺ።